በር የተሸከመው ሰውዬ ፍቺ

በዚህ ዓለም ከባዱ ሥራ ድንጋይ መፍለጥ ነው የሚል ሰው፣ ያልገባውን ነገር ለሌላ ሰው አስረድቶ አያውቅም። ድንጋይ ፈላጭ ማታ ክንዱን ያመዋል፤ ቅቤም ይሁን ዘይት የተገኘውን ቀብተው ያሹለታል፤ ይተኛል። ያልገባውን ሲያስረዳ የዋለ ሰው ግን ምኑን ይታሽ? ሐኪም ዘንድ ቢሄድ «የት ጋ ነው የሚያምህ?» ይለዋል። ይኸውና ደግሞ ሌላ ማብራሪያ።

እኔ ደሴ ከተማ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። ያኔ አስተማሪ ጠዋት ያስተምራል፣ ከሰዓት ይሰበሰባል፣ እሁድ ጦሳ ተራራ ላይ ችግኝ ይተክላል። መሰብሰብ ምን ያደክማል፣ ቁጭ ማለት አይደል ወይ የሚለኝ አይጠፋም። የዚያን ጊዜ ስብሰባ ያልተቀመጠ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ቶሎ ቶሎ የምናጨበጭበው ንግግሩ ማርኮን እንዳይመስላችሁ፤ እንቅልፍ ለማባረር ነው። አንዳንዴ ተናጋሪው ገና ውሃ ሊጠጣ ብርጭቆ ሲያነሳ እናጨበጭብ ነበር።

ቤት ስገባም ዕረፍት የለም። ባለቤቴ ዘይነባ አንድ ታናሽ ወንድም ነበራት። ስሙ መሐመድ ነው፤ እኛ ሙሄ እንለዋለን። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ፣ ከመኪና ሞተርና ከሳቅ ሌላ ነገር የማያውቅ ወጣት ነበር። አንድ ቀን «ትፈለጋለህ» ተብሎ ከሥራው ላይ ተወሰደ። ለምን እንደተፈለገ የነገረን የለም፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ደግሞ ራስን ማስፈለግ ነው። ብቻ ደሴ ታስሯል ተባለና ዘይነባ በየማለዳው ምሳ ዕቃ ይዛ እስር ቤቱ በር ላይ መቆም ጀመረች። ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ይቀበላል፣ በሩን ይዘጋል፣ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይመልሳል። ሙሄን ማየት የለም፣ ድምፁን መስማት የለም። ያን ጊዜ በደሴ ሴቶች ዘንድ ባዶ ምሳ ዕቃ ማለት የምሥራች ነበር፤ በልቷል ማለት ነው፣ አለ ማለት ነው። እንደሞላ የተመለሰላት ሴት ምንም አትጠይቅም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሃል ነው ፊልም የመጣብኝ።

አንድ ቀን ጓድ ታምራት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ድረስ መጣ። ጓድ ታምራት የባህል ጉዳይ የሚመለከተው ካድሬ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለክፋት የሚተርፍ ጊዜም አልነበረውም፣ እሱም ስብሰባ ይበዛበታል። ከአንድ ወንድም ሶሻሊስት አገር ፊልም መምጣቱን፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኮምቦልቻ ለፋብሪካ ወዛደሮች እንደሚታይና እኔም አብሬ እንድሄድ ነገረኝ። ለምን እኔ ብዬ አልጠየቅሁም። ከደሴ ብርድ ወጥቶ ኮምቦልቻ ሙቀት መውረድ፣ ከዚያ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ማንም ሳያየኝ ለጥ ብዬ መተኛት፤ ለደከመው አስተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ገነት አለ?

የሀረጎን ጠመዝማዛ በላንድሮቨር ስንወርድ ጓድ ታምራት ስለ ፊልሙ አንድ ቃል አልተነፈሰም። በኋላ ሳስበው እሱም የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ፊልሙ የተቀመጠበት ቆርቆሮ ላይ ያለው ጽሑፍ ማናችንም በማናነበው ፊደል ነው። የመጣው ግን ከወንድም አገር ነው፤ ወንድም ደግሞ መጥፎ ነገር አይልክም።

መብራቱ ጠፋ። እኔም ዐይኔን ልከድን ስል ሸራው ላይ አንድ ሰውዬ ብቅ አለ። ኮት የለበሰ፣ ጸጉሩ የሳሳ ሰውዬ ነው፤ ጠፍ ሜዳ ላይ በር ተሸክሞ ይሄዳል። የቤት በር፣ ያውም እጀታ ያለው። ሲደክመው ያቆመዋል፣ ያንኳኳል፣ ይጠብቃል። የሚከፍት የለም። እንደገና ይሸከመውና ይሄዳል። በር ያለ ግድግዳ እንዴት ይቆማል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ማብራራት አቁሜያለሁ። በመሃል ሳይታሰብ ሌላ ነገር ይመጣል፤ አንዲት አሮጊት መኝታ ቤት ውስጥ ነጭ ፈረስ ታበጥራለች። ደግሞ ጨዋ የሚመስሉ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው አሸዋ በማንኪያ ይበላሉ፤ አንዱማ ጨው አንሶታል መሰል ይነሰንስበታል። ከዚያ ተመልሶ ያው ሰውዬ፣ ያው በር። ንግግር የለም፣ ሙዚቃ የለም፤ የሚሰማው ማንኳኳቱ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ሰውዬው ይዝልና በሩን አቁሞ፣ ጀርባውን አስደግፎ መሬት ላይ ቁጭ ይላል። ይኼኔ ከወዲያ በኩል ይንኳኳል። ሰውዬው ብድግ ብሎ ይዞራል። ከበሩ ጀርባ ያለው ሜዳ ብቻ ነው። በዚሁ አለቀ።

መብራት ሲበራ አዳራሹ ጭጭ አለ። ለማጨብጨብ እንኳ የት ቦታ እንደሆነ የገባው የለም። ጓድ ታምራት አንገቱን በመሐረብ ሲጠርግ አየሁት። ከዚያ መድረክ ላይ ወጣና ይህ ፊልም ጥልቅ መሆኑን፣ ጥልቅ ነገር ደግሞ ማብራሪያ እንደሚፈልግ ተናገረ። «ጓድ መምህር ሰይድ ሰምና ወርቅ ነው የሚያስተምሩት፤ ሰሙን አይተናል፣ ወርቁን እሳቸው ያወጡልናል» ብሎ ወረደ። ለካ የመጣሁት ለዚህ ኖሯል።

ወደ መድረኩ ሄድኩ። በዚያ ዘመን «አልገባኝም» ማለት ይቻል ነበር ወይ? አይቻልም። ያልገባው ሰው ወይ ንቃተ ህሊናው ዝቅተኛ ነው፣ ወይ እያወቀ ነው። ሁለተኛው ያሳስራል። ስለዚህ አፌን ከፈትኩና አፌ በራሱ ሄደ። በሩ የግል ንብረት ነው አልኩ። ሰውዬው ንዑስ ከበርቴ ነው፤ የግል ንብረቱን እንደ ሸክም ተሸክሞ ይንከራተታል፣ ዳሩ ግን የትም አያስገባውም። አንድ ሽመና ክፍል የሚሠራ ጎልማሳ እጁን አውጥቶ ፈረሱስ አለኝ። ፊውዳሊዝም ነው አልኩት። ታዲያ አሮጊቷ ለምን ታበጥረዋለች አለ። ሰፊው ሕዝብ ፊውዳሉን በጉልበቱ ሲያሳምር መኖሩን ያሳያል አልኩት። አሸዋው? የኢምፔሪያሊዝም ዕርዳታ ነዋ፤ ሳህን ይሞላል እንጂ ሆድ አይሞላም። በዚህ ጊዜ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሸማኔው ግን አላጨበጨበም፤ ሰው ለታመመ ዘመዱ እንደሚያዝን ዓይነት ቀና ብሎ ያየኝ ነበር።

ጓድ ታምራት በመመለሻችን ላይ እስከ ደሴ ድረስ እጄን አልለቀቀም። ፊልሙ ከእንግዲህ በየቅዳሜው ደሴ ሲኒማ ቤት እንዲታይ፣ እኔም በየቅዳሜው ወርቁን እንዳወጣ እዚያው መኪና ውስጥ ተወሰነ። እኔ ድካሜን ልጥል ሄጄ ሌላ ድካም ተሸክሜ ተመለስኩ። ማክሰኞ ተማሪዎቼ ዘንድ ዜናው ደርሶ ስለነበር ስም አወጡልኝ፤ «የግል ንብረት» ይሉኝ ጀመር። በኮሪደሩ ሳልፍ አንዱ ከውስጥ በር ያንኳኳል፣ ሌላው ይስቃል። ማንን ልቅጣ? የፈታሁት እኔ ነኝ።

ዘይነባ ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም ነበር። ባሏ መድረክ ላይ እንደሚናገር ጎረቤት ሲነግራት ግን አንድ ቅዳሜ ከእስር ቤቱ በር ስትመለስ፣ ባዶውን ምሳ ዕቃ በእጇ እንደያዘች ገባች። ፊልሙ ታየ፣ እኔም የተለመደውን አልኩ፣ ተጨበጨበልኝ። ወደ ቤት ስንሄድ ከፊት ከፊቴ ትራመድ ነበር። አፍራብኛለች ብዬ አሰብኩ። ቤት ገብተን ነጠላዋን ካስቀመጠች በኋላ ነው የተናገረችው።

«ከውስጥ ተንኳኳ» አለች።

«ምኑ?»

«መጨረሻ ላይ። ያ ሰውዬ ደክሞት ሲቀመጥ ከውስጥ ተንኳኳለት። ሰው አለ ማለት ነው።»

ከበሩ ጀርባ ሜዳ ብቻ እንደነበር ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ እንባዋ መጣ። ሙሄ ከተወሰደ ጀምሮ ስታለቅስ አላየኋትም ነበር፤ በየማለዳው ስትሄድ፣ ስትቆም፣ ስትመለስ እንጂ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።  በዚያ ሰሞን ከአፌ የወጣ ቃል ሁሉ እኔኑ ሰልችቶኝ ነበር።

አበው ህልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ። ይህን ተረት ለተማሪዎቼ ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ፣ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። እኔ ያን ሰውዬ ሳይ የሚታየኝ ሸክሙን ጥሎ መተኛት የሚፈልግ ሰው ብቻ ነበር። ጓድ ታምራት መጨረሻ ላይ የሚያንኳኳው አብዮቱ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ አብዮቱ ለምን አስፈቅዶ እንደሚገባ ግን አልጠየቅሁትም። ዘይነባ ደግሞ ወንድሟን ሰማች።

የሰማችውን ደብቃ አልያዘችም። በማግስቱ እስር ቤቱ በር ላይ አብረዋት ለሚቆሙት ነገረቻቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲኒማ ቤቱ ባለ ምሳ ዕቃ ሴቶች ሞላው። ልጃቸው ከቤት የተወሰደባቸው እማማ ሀሊማ መጡ፤ ባሏ ከጸሎት ስብሰባ ላይ የተያዘባት ማርታ መጣች፤ እኔ የማላውቃቸው ብዙ መጡ። ፈረሱ ሲመጣ ዝም፣ አሸዋው ሲበላ ዝም ይላሉ። የመጨረሻው ማንኳኳት ሲሰማ ግን በአዳራሹ አንድ ትንፋሽ ያልፋል፤ እንደ ዱዓም እንደ ልቅሶም ያለ ነገር። ከዚያ መብራት ይበራል፣ እኔም ተነስቼ ስለ ግል ንብረት እቀባጥራለሁ። እነሱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በትዕግሥት ያዳምጡኛል።

አንድ ቀን ስወጣ እማማ ሀሊማ በር ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝ። ሰላምታ ሰጠኋቸው። ደኅና ነዎት ወይ፣ የልጅዎ ነገር እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነበር የያዙት።

«ልጄ ሰይድ፣ አንተ እንዲሁ ስለዚያ ንብረት አውራ። ጥሩ ነው የምታወራው። እኛ የምንሰማውን እንሰማለን። አላህ ያበርታህ፣ አብሽር።»

ከዚህ በኋላ ማብራሪያዬን አሻሻልኩት፤ ይኸውም አስረዘምኩት። ያሰለቸሁ በመሰለኝ መጠን ረካሁ። ካድሬ ከሆነ ሰው ፊት አንድን ነገር ለመደበቅ ከማብራሪያ የተሻለ መጋረጃ የለም። ተማሪ ሳቀብኝ፣ የሥራ ባልደረባ ሻይ ቤት ውስጥ ዐይኑን አሸሸብኝ፤ የማይረባ አጨብጫቢ ሆነ ተባልኩ። ደክሞኝ ነበር፣ ግን ዘይነባ ቅዳሜ ማታ እንቅልፍ ይወስዳት ጀምሮ ነበር። ለዚህ ስል ሌላ አሥር ፈረስ እፈታ ነበር።

ታዲያ አዳራሽ በሴት ሲሞላ ወሬው ሩቅ ይሄዳል። ጓድ ታምራት የሴቶች ንቃት እንዲህ ከፍ ማለቱን ለበላዮቹ በኩራት ሪፖርት አደረገ። በዚህ ምክንያት አንድ ቅዳሜ ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ትልቅ ጓድ መጣ። ሲራመድ ጫማው የማይሰማ፣ ቀጭን፣ ዐይኑ ሥር የጠቆረ ሰው ነው። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊልሙን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ እኔን ሰማ። ሲያልቅ በሥራ አስኪያጁ ክፍል እንደሚፈልገኝ ተነገረኝ። «ትፈለጋለህ» የሚለው ቃል ሲመጣብኝ ዘይነባ ወንበሯ ላይ እንደ ድንጋይ ደርቃ ነበር። በዐይኔ አብሽሪ አልኳት። አላመነችኝም፤ እኔም አላመንኩትም።

ክፍሉ ውስጥ እሱና እኔ ብቻ ነን። ቁጭ በል አለኝ።

«በሩ ምንድን ነው?»

«የግል ንብረት ነው ጓድ።»

«ፈረሱስ?»

«ፊውዳሊዝም።»

«እሺ። እነዚያ ሴቶች ለግል ንብረት ነው የሚያለቅሱት?»

 እዚያ አዳራሽ ውስጥ ያሉት ሁሉ፣ ምሳ ዕቃው ሁሉ፣ ዘይነባም ጭምር ምላሴ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አንድ የተሳሳተ ቃል ብናገር ሰኞ እስር ቤቱ በር ላይ ሌላ ሰው ይቆማል፣ ምሳ ዕቃውም የሚላከው ለእኛ ይሆናል። ደግነቱ አፌ በራሱ መሄድ ለምዶ ነበር። ፊውዳሊዝም የኢትዮጵያን ሴት በሁለት ሰንሰለት ጠፍሮ እንደኖረ፣ ፈረሱን ሲያዩ ያ የጭቆና ዘመን ትዝ እንደሚላቸው፣ እንባው ያለፈው ሥርዓት ጥላቻ እንባ መሆኑን አብራራሁ። ረጅም ነበር። መሃል ላይ እኔም ጠፋብኝ። ሰውዬው አላቋረጠኝም፤ ማዳመጡንም እንጃ። መስኮቱን ነበር የሚያየው።

ስጨርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«መጨረሻ ላይ ከወዲያ በኩል የሚያንኳኳው ማን ነው?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። 

«ጓድ፣ እሱን ፊልሙ አላሳየንም።»

«አላሳየንም» አለ።  ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለመስኮቱ በሚመስል ድምፅ፣ «እኔ ብሆን አልከፍትም» አለ።

እዚያ ወንበር ላይ ያየሁትን ፍርሃት ከዚያ በፊት ያየሁት ምሳ ዕቃ በያዙ ሰዎች ፊት ላይ ብቻ ነበር። የሚያንኳኩትም የሚንኳኳባቸውም አንድ ዓይነት ፊት እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ልቤ ሊያዝንለት ሞከረ፣ ሙሄ ትዝ ሲለኝ ተወው። ሰውዬው ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ፊልሙ ለሰፊው ሕዝብ ስለሚከብድ ወደ መጣበት እንዲመለስ ወሰነ፤ እኔን በምስጋና አሰናበተኝ። ዘይነባን ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። እዚያ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ ጠየቅኋት። ክንዴን ይዛ ወደ ቤት ወሰደችኝ።

የሙሄን ነገር ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ። አልሐምዱሊላህ ወጣ። ብዙ ቆይቶ ነው፤ ከስቶ፣ ጥርሱ ጎድሎ፣ ሳቁ ግን አብሮት ወጣ። ለምን እንደታሰረ ሲገባ አልነገሩትም፣ ሲወጣም አልነገሩትም። የፊልሙን ታሪክ ከስር እስከ ጫፉ አጫወትነው። እሱም በጥሞና አዳመጠን።

«በመጨረሻ በሩ ተከፈተ?» አለ።

«አልተከፈተም» አልኩት።

«ታዲያ ምን ልታዩ ነበር በየሳምንቱ የምትመላለሱት?»

ዘይነባ ሳህኑ ላይ ወጥ እየጨመረችለት ዝም ብለህ ብላ አለችው። አሁን ሐርቡ ነው የሚኖረው፤ ጋራዥ አለው፣ ልጆች አሉት። በር ሲንኳኳ ቶሎ አይነሳም፤ ሚስቱ ናት የምትከፍተው።

ወደ ሲኒማው ልመለስ። በር የተሸከመው ሰውዬ ከሄደ በኋላ በቦታው ሌላ ፊልም መጣ። ይኼኛው ቀላል ነው። አንድ ትራክተር አለ፤ ማሳ ያርሳል። ቀኑን ሙሉ ያርሳል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ያርሳል፣ ሾፌሩ ላቡን ይጠርጋል፣ ፈገግ ይላል፣ ስንዴ ይታጨዳል፣ አለቀ። ፊልሙን ሳየው ከደስታዬ ብዛት ልተኛ ነበር፤ በመጨረሻ የሚፈታ ነገር የሌለው ፊልም። አዳራሹ ግን ሞልቷል። ሴቶቹ መጥተዋል፣ ተማሪዎቹ መጥተዋል፣ ከኩታበር ድረስ የመጣ አለ፤ ሁሉም አንገቱን አስግጎ፣ ዐይኑን አጥብቦ ነበር የሚያየው። ትራክተሩ ማሳው ጫፍ ደርሶ ሲዞር አንዲት ሴት ከኋላ «ያረቢ» ስትል ሰማሁ። ነዳጅ ሲሞላ አንዱ አጠገቡ ያለውን በክርኑ ጎሰመው።

መብራት ሲበራ ጓድ ታምራት እንደተለመደው ወደ እኔ ጠቆመ። ማርታ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ትራክተሩ ምንድን ነው?»

ደክሞኝ ነበር። በዚያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ብድግ አልኩና «ትራክተሩ ትራክተር ነው» ብዬ ተቀመጥኩ።

 ከዚያ ከአንድ ጥግ ትንሽ ሳቅ ተጀመረ፣ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ፣ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ እየተያየ ራሱን ነቀነቀ። እማማ ሀሊማ በአድናቆት አዩኝ። ያን ቀን የተጨበጨበልኝ ጭብጨባ በሕይወቴ አልተጨበጨበልኝም።

ሰኞ ማለዳ ጓድ ታምራት ቢሮው አስጠራኝ። ያን ሁሉ ቅዳሜ በሩን ንብረት፣ ፈረሱን ፊውዳል ስል አንድም ቀን ያልተጠራጠረኝ ሰው ነው። በሩን ዘጋ፣ ወንበር ሳበልኝ፣ ፊቴን ትክ ብሎ አየ።

«መምህር» አለኝ፣ «ትራክተሩ ትራክተር ነው ስትል ምን ለማለት ፈልገህ ነው?»